ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ

ከመኪና ሆድ የሚፈስ ነገር ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። የሞተር ዘይት ግልጽ ነው፤ ባደረበት ቦታ ጥቁር ማኅተሙን አሳርፎ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ጠዋት ጎንበስ ብሎ የማኅተሙን ስፋት እያየ የሞተሩን ዕድሜ ይገምታል። የራዲያተር ውሃ የዋህ ነው፤ ሲያልቅ በእንፋሎት ይጮሃል። የፍሬን ዘይት ክፉ ቢሆንም ፔዳሉ ቀድሞ እግርህን ያስጠነቅቃል። ናፍጣ እንኳ የፈሰሰበትን አፈር አቅፎ ይተኛል እንጂ አይክድም። ቤንዚን ግን ይክዳል። ጠብ ይላል፤ ጎንበስ ብለህ እስክታየው ተንኖ የለም። የሚተውልህ ማስረጃ ሽታውን ብቻ ነው፤ ሽታ ደግሞ ፎቶ አይነሣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መካኒክ ዘንድ አይወሰድ።

የኛ ቤት ፒካፕ የሰማንያ አራት ሞዴል ሃይሉክስ ናት፤ ሰማንያ አራት ሲባል እንግዲህ እንደ ጋራዥ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከአጎቴ ወደ እኔ የዞረችው «ሞተሯን እንደሆነ አትጠራጠር፣ ሞተሯ አይሞትም» ከሚል ምርቃት ጋር ነበር። አጎቴ አልዋሹም። ሞተሯ አልሞተም። የሞተው ሞተሩን ከከበበው ነገር ግማሹ ነው። የሾፌር በኩል መስታወቷ በእጅ እየተደገፈ ይወጣል፤ የጋቢናው በር ከውጭ ብቻ ይከፈታል፤ የነዳጅ ጌጇ ቀስት ሩብ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ ሞላም ጎደለም ሩብ ነው። ይኼ የጌጁ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ ይባል።

ስሟ ግን ከባድ ነው። ቶዮታ ሃይሉክስን ለገበያ ያወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ገበሬውም ነጋዴውም ወታደሩም ጀርባዋን ሞክሮታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የቢቢሲው ቶፕ ጊር ፕሮግራም አንዲት ያረጀች ሃይሉክስ ወስዶ ባሕር አስገባት፣ እሳት ለቀቀባት፣ በመጨረሻም ሊፈርስ የተዘጋጀ ፎቅ አናት ላይ ሰቅሎ ከነፎቁ አወረዳት፤ ከፍርስራሹ ሥር ወጥታ ተነሣች። (ያቺ የናፍጣ ነበረች። ቤንዚን በጠጣች መኪና ላይ እሳት የሚለቅ ሰው ፕሮግራሙን የሚጨርስ አይመስለኝም።) ባሕርና እሳት፣ ፎቅም ሳይቀር ያልበገራትን መኪና እንግዲህ እኔ ግቢ ውስጥ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጎማ ጣላት።

«ሸጠህ አዲስ አትገዛም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚጠይቀኝ ወይ ትናንት ከውጭ አገር የገባ ነው፣ ወይ መኪና ኖሮት የማያውቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሰባት ዓመት ያለፋቸው አውቶሞቢሎች ሲገቡ እስከ 500 በመቶ ታክስ እንዲከፈልባቸው ባዘዘ ጊዜ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች በአንድ ሌሊት ከብረትነት ወደ ቅርስነት አደጉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ሲከለከል፣ የኛ ሃይሉክስ ግቢው ውስጥ ቆማ በኩራት ዘይት ጠብ አደረገች። እንዲህ ያለች መኪና አትሸጥም፤ ትታከማለች።

የታመመችበትን ቦታ ላስረዳ። ነዳጅ የሚቀዳበት አፍ ያለው ከካሶኒው ጎን ነው። ታንኩ፣ መካኒኮቹ ሰልባትዮ የሚሉት፣ ከሥር ከሻንሲው ጋር በብረት ቀበቶ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ካሶኒውና ሻንሲው ደግሞ ኮረኮንች ሲያገኙ ለየብቻ ነው የሚጨፍሩት። ስለዚህ ከላይ የሚወርደውን የብረት አንገት ታንኩ ላይ በይዶ መገላገል አይቻልም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። መሐላቸው የሚተጣጠፍ ወፍራም ጎማ ይገባና በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ የሚባል ማጥበቂያ ቀለበት ያንቀዋል። ከጎኑ የጣት ውፍረት ያላት ሌላ ቀጭን ጎማ አለች፤ ቤንዚን ሲገባ አየሩ የሚወጣው በሷ በኩል ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ስለዚህም ማንም አስቦት አያውቅም። አርባ ዓመት ያህል ከውስጥ ቤንዚን ሲያጥበው፣ ከውጭ የኋላ ጎማ የሚወረውረው ጭቃ ሲቀጠቅጠው ኖሮ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ። ፋሼታዎቹም ዝገው የያዙ መስለው የሚኖሩ ሆኑ።

ጉዱ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን የመገጣጠሚያው ከፍታ ላይ ነው። ከታንኩ በላይ ነው ያለው። ታንኩ ግማሽ ሲሆን ቤንዚኑ እዚያ አይደርስም፤ ሦስት አራተኛ ሲሆንም ቁልቁለት ወይም ጠምዛዛ መንገድ ካላገኘ አይነካውም። ጢም ሲል ግን አንገቱ ድረስ ወጥቶ በስንጥቁ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ጥቂት ሊትር ወርዶ ከመገጣጠሚያው ዝቅ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። የጥጋብ በሽታ ነው። ባዶ ሆድ አያውቀውም።

እኔና ሃይሉክሷም ጥጋብ አናውቅም ነበር። ማደያ ስንገባ የምንጠራው ብር እንጂ ሊትር አይደለም፤ «የሁለት መቶ»፣ ሲመቸን «የአምስት መቶ»። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 100 ብርን ከተሻገረ ወዲህ የአምስት መቶ ብር ማለት አምስት ሊትር የማይሞላ ነው። ሃምሳ ምናምን ሊትር በሚይዝ ታንክ ውስጥ ይቺ ወለሉን ታርሳለች እንጂ፣ ወደ ላይ አንገት የሚባል ነገር መኖሩንም አትሰማ። በዚህች ከተማ ስንቱ አሮጌ ፒካፕ አንገቱ ተሰንጥቆ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው በሰላም እየዞረ እንደሆነ አስቡት። የኪስ መሳሳት ደፍኖለት ነው። ገንዘብ ያገኘ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው።

የኛ ጉድ የወጣው ግን በገንዘብ ሳይሆን በወሬ ነው። «ነዳጅ ሊጠፋ ነው አሉ» የሚለው ወሬ ከመጣ ነዳጁ ባይጠፋ እንኳ ሰልፉ ራሱ ያጠፋዋል። የማደያው ሰልፍ አደባባዩን ዞሮ ጅራቱን ሲነክስ እኔም ተሰለፍኩ። ሰልፍ ውስጥ ያደረ ሰው ደግሞ «የአምስት መቶ» ለማለት ኅሊናው አይፈቅድለትም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ቆሞ! ተራዬ ሲደርስ ቀጂው ሳያየኝ «የስንት?» አለ።

«ሙላው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ያለው ባለ ሚኒባስም አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ይህች ቃል ለካ እንዲህ ትከብዳለች! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በስልክ ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው የመሆን ደስታውም አጭር ነው፤ ወዲያው ስልክህ ላይ የቀረውን ሒሳብ ታየዋለህ። ቀጂው መቅጃውን ሰካ። ገና ከመጀመሩ ጠቅ ብሎ ቆመ። እንደገና ጫነው፣ እንደገና ጠቅ። የአየር መውጫዋ ቀጭን ጎማ ስለተዘጋች ቤንዚኑ ሲገባ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ቤንዚኑ ተመልሶ ይንተከተክና መቅጃው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ሲሸፍናት ማሽኑ «ሞልቷል» ብሎ ይዘጋል። እኛ ይህን አናውቅ። ቀጂው አንድ ጓደኛውን ጠርቶ ካሶኒዋን ግራና ቀኝ እየናጡ፣ እንደ እርጎ እያንቦጫቦጩ፣ እስከ አፏ ጢም አደረጓት። ለዚህ ውለታ ጉርሻ ሰጠሁ። ከፍዬ ያስናጥኳት ያቺ የመጨረሻ ሊትር ናት ቀድማ የወጣችው።

ደግሞ ቤንዚን በሙቀት ይነፋል። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል፤ ይህን ንቆ የሚያልፈው ሃምሳ ሊትር ሞልቶ የማያውቅ ነው። ከመሬት በታች ተቀብሮ ቀዝቅዞ የቆየ ሃምሳ ሊትር ግቢ ውስጥ በፀሐይ ሃያ ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ጢም ያለ ታንክ ውስጥ ቦታ ከየት ይምጣ? በስንጥቁ ነዋ! ከጅቡቲ ወደብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ተጭኖ፣ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ግድም ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ቤንዚን፣ የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር ማለፍ አቅቶት እኔ ግቢ ውስጥ ተነነ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል፤ እኛ ሰፈር ቀድሞ የጮኸው ጎረቤት ነው። እናቴ «ቤት ውስጥ ላምባ ያፈሰሰ አለ» ብለው ወጥ ቤቱን ሲያስፈትሹ ዋሉ። የፊት ለፊቱ ጎረቤት ልብሳቸውን ከገመድ ላይ እያሸተቱ አስገቡ። ከበራችን ወጣ ብላ ጀበና ቡና የምታፈላው እኅት ደግሞ ሲኒውን አፍንጫዋ ድረስ አንሥታ መለሰችና፣

«ወንድምዬ፣ ሰዉ ቡናሽ ቤንዚን ቤንዚን ይላል እያለኝ ነው» አለች።

ይኼን ጊዜ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። ለቡናው ጣዕም አይደለም፤ ለከሰሉ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ተበትኖ አይጠፋም፣ መሬት ለመሬት ተስቦ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይፈልጋል። እሳት ለመያዝም ሙቀት አይጠብቅም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። የሷ ምድጃ ደግሞ ከበራችን ዝቅ ብሎ ከቦዩ አጠገብ ነው። ቁልፍ ሳላዞር፣ የሰፈሩን ጎረምሶች ጠርቼ፣ ሃይሉክሷን በግፊያ ወደ ሜዳው አስወጣናት። «ለምን አታስነሣትም?» ያለኝ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቷል።

መኪና ሜዳ ላይ ከቆመ የሕዝብ ነው። መድኃኒት አዋቂው ተሰበሰበ። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ሳሙና ነው። ሳሙናን የሚንቅ አገር አቋራጭ ሾፌር የለም፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው፣ የተሰነጠቀ የብረት ታንክ ላይ የልብስ ሳሙና በደንብ ተሽቶ ቢደፈን ከተማ ያደርሳል። ግን ለብረት ነው። የሚተጣጠፍ ጎማ ላይ ሲሆን በመጀመሪያው ጉድጓድ ይረግፋል። ሁለተኛው ሰው ከመነዳሪ ቆርጠን እንጠምጥምበት አለ፤ የጎማ ከመነዳሪ በዚህ አገር የማያስረው ነገር የለም፣ ቤንዚን ሲነካው ግን አብጦ ይለሰልሳል። ሦስተኛው ማስቲካ አለ፣ ቤንዚን ማስቲካን ያቀልጠዋል። አራተኛው የጎማ ማጣበቂያ አለ፣ ያንንም ያቀልጠዋል። አንዱ ፌስታል አመጣ፤ የፌስታሉን ጥቅም እስካሁን አልገባኝም።

ከሁሉ የሚሻለውን ምክር የሰጡኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ ለምን ትደክማለህ? ከግማሽ በላይ አትቅዳ።» ርካሽ፣ ትክክለኛ፣ ዛሬውኑ የሚጀመር። ግማሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ ብዬ ጌጁን አሳየኋቸው። ቁልፉን አዙረው አዩት። ሩብ። «እንግዲያማ ገና ነው፤ ቀዳ ቀዳ አድርግበት» አሉኝ።

የሰፈራችን መካኒክ ጋራዥ የላቸውም፤ ባሕር ዛፍ ሥር ነው የሚውሉት። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጥተው ከሩቅ ቆሙ፣ አሸተቱ፣ በነፋሱ ዞሩ፣ እንደገና አሸተቱ። ከዚያ ረዳታቸውን፣ አንድ ቀጭን ልጅ፣ ከሥር አስገቡት። ልጁ ታንኩንም አንገቱንም በጨርቅ አድርቆ ጠርጎ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰበት። ቤንዚን የነካው ጠመኔ ቤንዚኑ እስኪተን ድረስ ይጨልማል፤ ከላይ የጀመረው ጥቁር መስመር ቁልቁል ሲወርድ ተከትሎ መነሻውን ማግኘት ነው። የሰፈሩ ሕዝብ በሙሉ «ታንኩ ነው» ብሎ ወስኖ ነበር፤ ምክንያቱም ጠብታው የሚወድቀው ከታንኩ ታች ነው። ጠመኔው ግን ወደ ላይ አሳየ። «ሰልባትዮው ደኅና ነው፤ አንገቱ ነው» አሉ ጋሼ።

አጠገብ ያለው ባለ ብየዳ አልተዋጠለትም። ታንኩን አውርደን ቤንዚኑን ገልብጠን ዙሪያውን ልበይድላችሁ ይላል። ጋሼ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ልጁ ነው ቆይቶ በሹክሹክታ ያስረዳኝ፦ ከሞላ ታንክ ይልቅ ባዶ የሚመስለው ነው የሚገድለው። ቤንዚኑ ቢገለበጥም ትነቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ ይቀራል፤ አንዲት የብየዳ ብልጭታ ትበቃዋለች። ታንክ መበየድ ግድ ሲሆን በደንብ አጥቦ ውሃ ሞልቶ ነው። እኔ ግን ይህን ካወቅሁ በኋላ ውሃ ተሞልቶም ቢሆን አጠገቡ መቆም የምፈልግ አይመስለኝም።

ጎማው ከመፈታቱ በፊት ቤንዚኑ መቀነስ ነበረበት። ቢጫ ጀሪካኖች መጡ። ልጁ የላስቲክ ቱቦ በአፉ ከትቶ ጉንጩ እስኪሰረጉድ ሳበ፤ ቤንዚኑ ሲደርስለት ቱቦውን ወደ ጀሪካኑ ሰዶ ተፋ፣ እንደገና ተፋ፣ ወተት ለመነ። (በአፍ መሳብ ክፉ ልማድ ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ወተትም አያድን። በእጅ የምትጨመቅ ርካሽ ፖምፓ አለች፤ ሰምቶኝ አንገቱን ነቀነቀ፣ ቱቦውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።) እኛ እንዲህ ስንቀዳ አንድ መንገደኛ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ። ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሊትሩን ስንት አልከው?» አለኝ።

የሚሸጥ አይደለም ብል ማን ይመነኝ? ነዳጅ ጠፋ በተባለበት ሳምንት፣ ሜዳ ላይ፣ ቢጫ ጀሪካን ሞልቼ ቆሜ! «ግድ የለም፣ አትፍራኝ» ይለኛል። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ባጃጅ ከኋላው ቆመ። ሰልፍ ሲያዩ የሚሰለፉ ሰዎች አሉ፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቁት ከተሰለፉ በኋላ ነው። የደንብ አስከባሪ ልብስ ከሩቅ ብቅ ሲል ጀሪካኖቹን እናቴ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሸፈኑልኝ፤ ነጠላ ለብሶ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ጀሪካን ከምንም በላይ ያጠራጥራል። ደግነቱ ሰውየው የመጣው ጀበና ቡና ሊጠጣ ነው።

አሮጌው ጎማ ሲወጣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በቢላዋ ተቀደደ። ውስጡ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል እንዳልል፣ ልጁ «እንደ ጋሼ ተረከዝ» ብሎ ቀደመኝና በጥፊ ተመታበት። እሱን በፌስታል ይዤ (ፌስታሉ እዚህ ላይ ጠቀመ) መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ የሌለ ዕቃ የለም፤ የራስህንም ዕቃ ጭምር። ትናንት ማታ የተነቀለ ስፖኪዮውን ጠዋት እዚያ ሄዶ ተደራድሮ የገዛ ሰው በየሰፈሩ አለ። ባለ ሱቁ ጎማዬን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ አየና ከመደርደሪያ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የቀዳዳው ስፋት ልክክ ያለ ቱቦ አወጣ።

«ኦሪጅናል ነው።»

«የነዳጅ ነው?»

«የምን ልዩነት አለው ወንድሜ፣ ጎማ ጎማ ነው። ውሃም ያሳልፋል፣ ቤንዚንም ያሳልፋል።»

ልዩነቱ ያለው ከማሳለፉ ሳይሆን ከመቻሉ ነው። የራዲያተር ቱቦ የሚሠራበት ጎማ የፈላ ውሃ ለዓመታት ይችላል፣ ቤንዚን ውስጥ ግን አብጦ ይላላል። ለነዳጅ የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ነው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ወፍራም፣ በዓይን አይለዩም። ጋሼ ሙግት ስለማይወዱ ከቱቦው ጫፍ ቀጭን ቀለበት ቆረጡና ከቡና እኅታችን በተዋሱት ሲኒ ቤንዚን ቀድተው ነከሩት፤ ሌላዋን እኩያዋን ቀለበት ኪሳቸው ከተቱ። በማግሥቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የተነከረችው የሌላዋ ታላቅ እኅት ሆናለች። ሱቁ ስመለስ ባለቤቱ አላፈረም፤ «የነዳጅ ነው የምፈልገው ብትለኝ ኖሮ!» ብሎ ከሥር ጽሑፍ ያለበትን አወጣልኝ፤ ዋጋውም እጥፍ። ይቺኛዋ ሲኒ ውስጥ አድራ እንዳለች ወጣች። ሲኒዋን ግን ቡና እኅታችን አልተቀበለችም፤ በአዲስ ተካሁላት።

ጥርጣሬ የማይለቃቸው ጋሼ አሮጌውን ጎማ የበላው አልኮሉ ነው ባይ ናቸው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 አደገ። የድሮ ጎማዎች ኤታኖልን እንደማይወዱ እውነት ነው። አርባ ዓመትም አይወዱም ብላቸው ግን አልሰሙኝም። «ይቺ መኪና እስከዚያ ድረስ ጠጥታ አታውቅም» ብለው ዘጉት።

መግጠሙ እንደ ማሸተቱ ቶሎ አላለቀም። የአንገቱ ብረት ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ዝገት አብጧል፤ አዲስ ጎማ በዝገት ላይ ቢታነቅ ቤንዚን ከሥሩ መንገድ ያገኛል። ልጁ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተገው። ቀጭኗን የአየር ቱቦ ሲነፏት አልተነፋችም፤ በሽቦ ሲቆረቁሯት የደረቀ ጭቃ ወጣ፤ ተርብ ቤቱን ሠርቶባት ኖሯል። የማደያው ጠቅ ጠቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስንት ቀጂ «የመኪናህ ጠባይ ነው» ሲለኝ ኖሯል። እሷም በአዲስ ተተካች። ወፍራሙ ጎማ ግን አልገባ አለ። ጋሼ ተጫኑት፣ ልጁ ተጫነው፣ ባለ ብየዳው በመዶሻ ልምታው አለ። በመጨረሻ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና፣ «ያ ሳሙና የት አለ?» አሉ። ሳሙናው በውሃ ተለቅልቆ የብረቱ ጫፍ ላይ ተቀባ፤ ጎማው በሙቅ ውሃ ለዘብ አለ፤ ሸርተት ብሎ ገባ። ሳሙና ያመጣው ሰው እስከ ዛሬ ድረስ መኪናዋን ያዳንኩት እኔ ነኝ ይላል።

ፋሼታዎቹን በካቻቢቴ ሲያጠብቁ ልጁ እንደ ጎረምሳ ሙሉ ኃይሉን ሊያሳርፍባት ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ፋሼታ ጎማውን በልቶ ይቆርጠዋል፤ ጎማው በትንሹ ከቀለበቱ ዳርና ዳር አበጥ ሲል በቃ ማለት ነው። ደግሞ ቀለበቱ የብረቱ ጫፍ ላይ ካለችው ጉብታ ኋላ እንጂ ላይዋ ላይ አይቀመጥም። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ጋሼ እኔን እንጂ ልጁን አያዩም፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ቀጥሎ ፍተሻው ነው። የሚያፈሰው ሲሞላ ነው ብለናል። መዳኑ የሚታወቀው እንግዲህ ሲሞላ ነው። ከጀሪካኖቹ የተመለሰው ደግሞ፣ ከተነነው፣ ከፈሰሰው፣ ልጁ ከተፋውና እጁን ከታጠበበት የተረፈው ሲሆን፣ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ማደያ ሄደህ ሙላው በላቸው» አለ ባለ ብየዳው፤ ከሱ ኪስ የሚወጣ ይመስል። ስልኬን አውጥቼ ቀሪ ሒሳቤን አየሁና መልሼ ከተትኩት። ያዳነኝ ልጁ ነው። ክሪክ አመጣና ከአንገቱ ትይዩ ያለውን የመኪናዋን ጎን አንሥቶ አጋደላት፤ ግማሹ ቤንዚን በሙሉ ወደ አንገቱ ተንከባለለ። ሳይሞላ የሞላ ታንክ! ጠመኔ ነሰነስን፣ ጠበቅን፣ ልጁ ክሪኩን ሌላ ሁለት ጥርስ ጨመረለት። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። የቡና እኅታችን መጥታ አሸተተችና «ምንም የለውም» አለች፤ እኔ ከጠመኔው ይልቅ እሷን ነው ያመንኩት።

«ስንት ልስጥዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«አንተ እንዳየኸው» አሉ።

ይህ መልስ ከማንኛውም ቁጥር ይወደዳል። አሰብኩ፣ ቆጠርኩ፣ ጨበጥ አድርጌ በአክብሮት በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጋሼ ብሩን ዘርግተው አዩት፣ ገልብጠው አዩት፣ ወደ ልጁ አሳዩት። ከዚያ መልሰው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ይኼ ግማሽ ታንክ ነው» አሉ። «ሙላው።»